«እስከ ዲ ደረስኩ፣ የኤ ቃላት ጠፉብኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት። ውጭ አገር ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ለመማር ያሰቡ ሰዎች ለጂአርኢ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጁ ነው። ሒሳቡን ብዙም አይፈሩትም። እንቅልፍ የሚነሳቸው ከባዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። እኔ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ፣ አሁን ደግሞ ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚዘጋጁ አስጠናለሁ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ፣ ሌሎቻችሁ እስከሚቀጥለው እትም ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ በፈረቃ። የተመረቅኩት በኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው። ከአራት ወር በኋላ ጂአርኢ ልፈተን አስቤያለሁ። ጓደኛዬ በቴሌግራም 3,500 ቃላት ያሉበት ፒዲኤፍ ላከልኝ፣ ከኤ ጀምሬ እያንዳንዱን ቃል ከነአማርኛ ፍቺው ደብተር ላይ እየገለበጥኩ በቀን 20 ቃል እሸመድዳለሁ። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ዲ ላይ ደርሻለሁ። ባለፈው እሑድ ወደ ኋላ ተመልሼ የኤ ቃላትን ስከፍት ግን ግማሹ ጠፍቶብኛል። አንዳንዱንማ ከዚህ በፊት ያየሁትም አልመሰለኝ። የደብተሬን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ጭንቅላቴ ነው ችግሩ ወይስ ሰዓት ልጨምር?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ጭንቅላትህ ምንም አልሆነም። ሰዓትም አትጨምር። ሌሊት ሥራ አድሮ ጠዋት ደብተር የሚከፍት ሰው ትጋት አልጎደለውም። አንተ የጎደለህ መመለስ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ወደፊት ብቻ ሄደሃል።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች እየሸመደደ፣ ከዚያ ምን ያህሉ እንደቀረው በሰዓታትና በቀናት እየለካ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር፤ ውጤቱን በፈረንጆች 1885 አሳተመው። ያገኘው ነገር አንተ እሑድ ዕለት ያየኸው ነው። ከሸመደድነው አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፣ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ቀስ ይላል። ቃሉ ሊጠፋ ሲል ከተመለስክበት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ረዘም አድርጎ ይቆይልሃል። አንተ ግን ቃሉን አንዴ ሰላም ብለኸው አለፍክ፣ እሱም ረሳህ።

ሌላው ነገር የፊደል ተራ ነው። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት መልካቸው ይመሳሰላል፣ ጭንቅላት ውስጥ ሲገቡ ይጋጫሉ። አብሮጌት ሕግን ወይም ስምምነትን መሻር ነው። አሮጌት ደግሞ የማይገባን ሥልጣን ለራስ መውሰድ ነው። አቤት በክፉ ሥራ ላይ መተባበር፣ አቤይት ደግሞ ዝናቡ ወይም ንፋሱ ጋብ ሲል የሚባለው። እነዚህን አራቱን በአንድ ሰሞን ከያዝካቸው ሳምንት ሳይሞላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋሃል። ዝርዝሩን በጥሰህ ቀላቅለው።

አሁን አንድ የጫማ ካርቶን ፈልግ። ውስጡን በወፍራም ወረቀት አምስት ቦታ ክፈለው። ዘዴውን ሴባስቲያን ላይትነር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ነው በፈረንጆች 1972 ያስተዋወቀው። አዲስ ካርድ ሁሉ አንደኛው ክፍል ይገባል፣ ያንን ክፍል በየቀኑ ታያለህ። በትክክል የመለስከው ካርድ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። እኔ ሁለተኛውን በሁለት ቀን፣ ሦስተኛውን በአራት ቀን፣ አራተኛውን በሳምንት፣ አምስተኛውን በሁለት ሳምንት አንዴ ነበር የማየው። የሳትከው ካርድ ግን የትም ይሁን የት ወደ አንደኛው ይመለሳል፣ አምስተኛው ክፍል ደርሶ የነበረም ቢሆን። ያናድዳል፣ ግን አትራራለት፣ መልሰው።

አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ ራሱ ያሰላልሃል። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ ካርዶቹ ስልክህ ላይ ስለሚቀመጡ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። እኔ ግን ወረቀቱን ነው የምወደው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባሱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ስልክ ሳይ ያዞረኛል። ካርድ ከሆነ የፊቱን አንዴ አይቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ፍቺውን ከራሴ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ እገለብጠዋለሁ። ሥራው ያለው በዚያ ዓይን በተጨፈነበት ሰከንድ ውስጥ ነው። ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ቃሉን የለመድከው ያስመስልሃል፣ ሲጠየቅ ግን ከአፍህ አይወጣም።

ወደ ፎቶህ ልምጣ፣ ትልቁ ነገር እዚያ ነው ያለው። ገጹ ላይ «ቼክ — ማየት፣ ማረጋገጥ» ብለሃል። ልክ ነው፣ ሁላችንም የምናውቀው ይሄንን ነው። ፈተናው ውስጥ ግን ዝናቡ የእሳቱን መስፋፋት ቼክ አደረገው የሚል ዓረፍተ ነገር ሊመጣ ይችላል፣ እዚያ ላይ ገታው ማለት ነው። እኔም በዚህ ዓይነት ቃል ተመትቻለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ስዘጋጅ ሳንክሽን የሚለውን ከዜና ስለማውቀው ካርዱ ላይ ማዕቀብ ብዬ ጽፌ አለፍኩ። አንድ የልምምድ ጥያቄ ላይ ምክር ቤቱ ዕቅዱን ሳንክሽን አደረገው ይላል፣ ምክር ቤቱ ዕቅዱን የተቃወመ መስሎኝ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ገልብጬ ተረዳሁት። ለካ ቃሉ ማጽደቅም፣ መፍቀድም ነው። ኳሊፋይ የሚለውን ብቁ መሆን ብለን እናውቀዋለን፣ እነሱ ግን ኳሊፋይድ ድጋፍ ሲሉ «ግን» ያለበት፣ ሙሉ ያልሆነ ድጋፍ ማለታቸው ነው። ፒደስትሪያን እግረኛ ነው፣ ስለ አንድ ድርሰት ሲባል ግን ተራ፣ የማይስብ ማለት ነው። አየህ፣ ቃላቱ ከባድ አይደሉም። አውቃቸዋለሁ ብለህ የዘለልካቸው ናቸው የሚጥሉህ።

አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ደብተሩ ላይ «ቆረጠ» ብሎ አንድ ፍቺ ብቻ ቢጽፍ እስቲ አስበው። ገመድ ቆረጠ ይገባዋል። ትኬት ቆረጠ ስትለው ትኬቱን በመቀስ ለሁለት ያደረግከው ይመስለዋል። ተስፋ ቆረጠ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ለመሄድ ቆርጧል ስትለውማ አለቀለት። አንድ ቃል በአንድ ቃል መፍታት እኛንም እንደዚሁ ነው የሚያደርገን።

ስለዚህ ካርድህ ፊቱ ላይ ብቻውን የተንጠለጠለ ቃል አይኑር። ቃሉ ያለበት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይኑር። ጀርባው ላይ ፍቺውን በራስህ አነጋገር ጻፍ፣ ቃሉ ለሙገሳ ነው ለነቀፋ የሚለውን በመደመር ወይም በመቀነስ ምልክት አድርግ፣ ሁለተኛ ፍቺ ካለው እሱንም ጨምር። እኔ ይሄን የተማርኩት ከእናቴ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ቡና እያፈላች ካርዶቹን አጠገቧ አስቀምጥና አንድ አንድ እያነሳሁ በአማርኛ አስረዳት ነበር። ካልገባት እኔም አላውቀውም ማለት ነው፣ ወደ አንደኛው ክፍል ይመለሳል። ኢኩቮካል የሚለውን አሻሚ፣ ሁለት ትርጉም ያለው፣ ግልጽ ያልሆነ እያልኩ ስቸገር አቦሉን እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችኝና «አፉን ሞልቶ የማይናገር ሰው ነዋ» አለች። በቃ። ካርዱ ላይ የነበረውን ሰርዤ ያንን ጻፍኩ። ይኸው ስንት ዓመት አለፈው፣ ያ ቃል ከእኔ አልወጣም።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ 3,500ውን እርሳው። ያ ዓይነት ረጅም ዝርዝር የመጣው ጂአርኢ ቃልን ብቻውን አውጥቶ ተቃራኒውን አምጡ ይል ከነበረበት ዘመን ነው። ያ ጥያቄ በፈረንጆች 2011 ቀርቷል። አሁን ሁሉም ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው የሚመጣው። በእኔ አስተያየት 900 ቃል ከነጠባዩ የያዘ ሰው 3,500 ቃል በጨረፍታ ካየ ሰው በጣም ይሻላል። በቀን 10 አዲስ ቃል ለሦስት ወር። አራተኛው ወር ላይ አዲስ ቃል አትጨምር፣ ካርቶንህንና የልምምድ ጥያቄዎችን ብቻ ያዝ። እስካሁን የደከምክበት ዲ ድረስ ያለውም አይጣል፣ ከእሱ ውስጥ ያልረሳሃቸውን ለይተህ በቀጥታ ሦስተኛው ክፍል አስገባቸው።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ። ደሴ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ካርድም አለኝ፣ ቃላቱንም አውቃቸዋለሁ። ግን ከስድስት ምርጫ ባዶውን ቦታ ሞልተው ለዓረፍተ ነገሩ ተመሳሳይ ትርጉም የሚሰጡ ሁለት ቃላት የሚመረጡበት ጥያቄ ላይ ሁልጊዜ አንዱን አገኝና ሌላውን እስታለሁ። ለምሳሌ ስለ አንዲት ሴት ነው፣ ለራሷ ጥቂት ብቻ እያወጣች የቀረውን ለችግረኛ ስለምትሰጥ ጎረቤቶቿ እንዲህ ናት ብለው ያደንቋታል ይላል። ፍሩጋልና ፓርሲሞኒየስ ብዬ መረጥኩ። መልሱ ፍሩጋልና ትሪፍቲ ነው። ሦስቱም ገንዘብ አለማባከን አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ እታለሜ፣ ናቸው። ግን ደሴ ቡና ላይ ተቀምጠሽ አንዷን ጎረቤትሽን «አንቺኮ ቆጣቢ ነሽ» ብትያት ደስ ይላታል። «አንቺኮ ቋጣሪ ነሽ» ብትያት ግን ነገ ቡና ጠርተሻት አትመጣም። ገንዘቡ ያው ነው፣ ቃሉ ግን አንዱ ያመሰግናል፣ ሌላው ይወጋል። ፍሩጋልና ትሪፍቲ ቆጣቢ ናቸው። ፓርሲሞኒየስ ስለ ሰው ሲባል ወደ ቋጣሪው፣ ወደ ስስታሙ ያደላል። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ «ያደንቋታል» ብሎ ነግሮሻል። ቃሉን አውቀሽው ነበር፣ ፊቱን ግን አላየሽውም።

በዚህ ጥያቄ ላይ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱንም ካላገኘሽ ዜሮ ነው። ስለዚህ አንዱን ማግኘትሽ ልብሽን ያደማዋል እንጂ አይጠቅምሽም፣ አውቃለሁ፣ እኔንም አድምቶኛል።

እንዲህ አድርጊ። ምርጫዎቹን በእጅሽ ሸፍኚ። ዓረፍተ ነገሩን አንብበሽ ባዶው ቦታ ላይ የራስሽን ቃል አስገቢ፣ በአማርኛም ይሁን ግድ የለም። «ቆጣቢ» ካልሽ አጠገቡ የመደመር ምልክት አድርጊ። ከዚያ ምርጫዎቹን ክፈቺና መቀነስ ያለባቸውን ሁሉ አስወግጂ። ዓረፍተ ነገሩን የሚያዞሩ ቃላት ላይ ዓይንሽን ጣይ፦ ኦልዶው፣ ዴስፓይት፣ ፋር ፍሮም የሚሉት። አንዷ ፋር ፍሮም መደመሩን መቀነስ ታደርገዋለች፣ ሲቸኩሉ ደግሞ አትታይም።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ስድስቱ ውስጥ በጣም የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት ያስቀምጡና ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን አይገቡም። ሁለተኛው፣ አንድ ቃል ባዶው ቦታ ላይ ልክክ ይላል፣ ግን ከቀሩት ውስጥ ጓደኛ የለውም። ጓደኛ የሌለውን ቃል ምንም ቢያምርሽ ተዪው።

ካርዶችሽንም በጎረቤት በጎረቤት አስቀምጫቸው። ጽኑ የሚባለውን ሰው ሬዞሉት ይሉታል፣ ያንኑ ሰው የማይወዱት ኦብስቲኔት ይሉታል፣ ግትር። ቴኔሸስ መሃል ላይ ናት፣ ብዙ ጊዜ ለሙገሳ ነው የምትውለው፣ የያዘውን የማይለቅ። አሁን ደግሞ ፓርሲሞኒየስን ላስታርቅሽ። ስለ ሰው ሲሆን ነቀፋ ናት አልኩ፣ ስለ ሳይንስ ማብራሪያ ወይም ቲዎሪ ሲሆን ግን ሙገሳ ትሆናለች፣ ብዙ ግምት ሳይደረድር ነገሩን የሚያስረዳ ማለት ነው። ምንባብ ውስጥ ካገኘሻት ስለማን እንደሚወራ እዪ።

ጥያቄ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ነኝ። አንድ ልጅ የላቲንና የግሪክ ሥር ካወቅህ ቃል መሸምደድ አያስፈልግም አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው። ግማሹ ግን በጣም ይጠቅማል፣ በተለይ ለእኛ። አማርኛ ተናጋሪ ሥር ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባራ፣ ስባሪ፣ ሰባበረ፣ አሰባበር። ከዚህ በፊት ሰምተኸው የማታውቀው መልክ ቢመጣብህም ሰ፣ በ፣ ረን ካየህ ስለ ስብራት እንደሆነ ይገባሃል። እንግሊዝኛ ደግሞ ሥሩን መሃል አስቀምጦ ከፊትና ከኋላ ይቀጥልበታል። ሎኩ መናገር ነው። ሎኳሸስ ለፍላፊ፣ ኤሎኩወንት አንደበተ ርቱዕ፣ ግራንዲሎኩወንት በትልልቅ ቃላት የሚነፋፋ። ክሬድ ማመን ነው። ክሬዱለስ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን፣ ኢንክሬዱለስ አሻፈረኝ አላምንም የሚል። ያ የእናቴ ኢኩቮካልም ኢኩ እኩል፣ ቮክ ድምፅ ነው፣ ሁለት እኩል ድምፅ ያለው። እንደዚህ ያሉ 50 ያህል ሥሮች ብታውቅ ብዙ ቃል ዘመድ ዘመዱን ይዞ ይመጣልሃል።

ግን ሥር ብቻ ይዘህ ፈተና አትግባ። ኢንቫሉኤብል ዋጋ የሌለው ይመስላል፣ ዋጋው የማይተመን ውድ ማለት ነው። ዲስኢንተረስትድ ፍላጎት የሌለው ይመስላል፣ ፈተናው ውስጥ ግን የማያዳላ፣ ጥቅም የሌለበት ሰው ነው፣ ዳኛ እንዲህ ቢሆን የምትወደው። ቬናል በገንዘብ የሚገዛ ጉቦኛ ነው፣ ቬኒያል ደግሞ ይቅር የሚባል ትንሽ ጥፋት። ኢንጂኒየስ ብልኅ፣ ኢንጀንዩወስ የዋህ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አንድ ፊደል ነው የሚለያያቸው። እንዲህ ያሉትን ጥንድ ጥንድ አድርገህ በአንድ ካርድ ላይ ጻፋቸው፣ መልካቸው ከሚመሳሰል ቃላት እነዚህን ብቻ ነው አንድ ላይ እንድትይዝ የምፈቅደው፣ እሱም መጀመሪያ አንደኛውን ለብቻው በደንብ ካወቅከው በኋላ።

ጥያቄ፦ እኔ ውጭ አልሄድም፣ እዚሁ አገር ማስተርስ ለመግባት ጋት ነው የምፈተነው። ለጂአርኢ የምትሏቸው ቃላት ይጠቅሙኛል?

መልስ፦ ይጠቅሙሃል፣ ግን ከዚያ አትጀምር። የአገር ውስጡ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ክፍል አለው፣ በእጅ በእጅ የሚዞሩት መለማመጃዎች ላይም ተመሳሳይ ቃልና የቃላት ዝምድና ጥያቄዎች ታገኛለህ። ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል መጻሕፍትህ፣ ከዩኒቨርሲቲ ማንበቢያዎችህ የማታውቃቸውን ቃላት ለቅመህ ካርድ ሥራ። የሎጂክና የሒሳቡን ክፍልም አትርሳ፣ ቃል ላይ ብቻ ተጠምደው እሱን የዘነጉ ልጆች አይቻለሁ።

ለጂአርኢ ተፈታኞችም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበት ትምህርት ክፍል ፈተናውን ይጠይቅ እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ትምህርት ክፍሎች ትተውታል። አንዲት ልጅ ስድስት ወር ሙሉ ተዘጋጅታ የምትፈልገው ፕሮግራም ውጤቱን ጭራሽ እንደማያይ ያወቀችው ማመልከቻ ስትሞላ ነው። ውጤቱ ግን አምስት ዓመት ስለሚያገለግል ለሌላ ቦታ ይሆናታል ብለን ተጽናንተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 51 ነው፣ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ውጭ አገር ፒኤችዲ የመማር ሐሳብ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው። አዲስ ቃል ስይዝ ወጣቶቹ ይቀድሙኛል። ሴት ልጄ «አባዬ ተወው፣ ይደክምሃል» ትለኛለች። ልተወው ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይተዉት።

ወጣቶቹ በሽምደዳ ቢቀድሙዎት እርስዎ ሌላ ነገር ይዘዋል። የፈተናው የቋንቋ ክፍል ወደ ግማሽ የሚጠጋው የምንባብ ጥያቄ ነው፣ ምንባቦቹም ስለ ሳይንስ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ኅብረተሰብ ናቸው። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ስለ ሴልና ስለ ዘር ውርስ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስለ ነፍሳት ባሕርይ የሚያወራ ምንባብ ቢመጣ ልጆቹ ጉዳዩን ለመረዳት ሲታገሉ እርስዎ ጉዳዩ ውስጥ ነዎት።

ቀስ ማለቱ ግን ሊስተካከል ይገባል። ከመስከረም 2016 ጀምሮ ፈተናው አጥሯል፣ በጠቅላላው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ቋንቋው 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ ነው፣ መጀመሪያ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ከዚያ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ። የመጀመሪያውን በደንብ ከሠሩ ሁለተኛው ከበድ ያለ ይመጣልዎታል። ያኔ አይደንግጡ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ አለዎት ማለት ነው። ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ባዶ የሚተዉት ጥያቄ አይኑር፣ የከበደዎትን ምልክት አድርገው አልፈው በዚያው ክፍል ውስጥ ጊዜ ሲተርፍዎት ይመለሱበት።

ለፍጥነቱ በቀን አንድ ገጽ ይበቃዎታል። እንደ ሳይንቲፊክ አሜሪካን ካለ መጽሔት አንድ ጽሑፍ ኢንተርኔት ባገኙ ቀን አውርደው ያትሙት። መብራት ኖረ አልኖረ ወረቀቱ እጅዎ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰዓት ይዘው፣ መዝገበ ቃላት ሳይከፍቱ፣ የማያውቁት ቃል ላይ ሳይቆሙ እስከ መጨረሻው ይውረዱ። ከዚያ ጸሐፊው ምን እያለ እንደሆነ በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ይሄ የመጀመሪያ ሰሞን በጣም ያስቸግራል፣ ቃላቱን አውቀው ሐሳቡ ያመልጥዎታል፣ ግድ የለም። በሁለተኛው ንባብ ሦስት ቃል ብቻ መርጠው ካርድ ይሥሩ። ሦስት፣ ከዚያ አይበልጥም።

ሦስቱን ሲመርጡ ደግሞ የነገር ስሞችን ተዉአቸው፣ የክርክር ቃላትን ይልቀሙ። ኮሮቦሬት በማስረጃ ማጠናከር፣ ሪፍዩት በማስረጃ ማፍረስ፣ አንደርማይን ከሥር መሸርሸር፣ ኮንሲድ ተቃዋሚው እዚህ ላይ ልክ ነው ብሎ ማመን፣ ኦስቴንሲብሊ ላይ ላዩን ሲታይ። የነፍሳቱ ስም ባይገባዎት ምንም አይቀርብዎትም። ኦስቴንሲብሊን ከዘለሉ ግን ጸሐፊው «እንዲህ ይመስላል» ያለውን «እንዲህ ነው» ብሎ እንዳመነ ቆጥረው ጥያቄውን ሁሉ ተቃራኒ ይመልሳሉ። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ስፈተን ከረዱኝ ካርዶች ውስጥ አብዛኞቹ እንደነዚህ ያሉት ነበሩ፣ ለማየት አያስፈሩም፣ ግን ምንባቡን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ፓወርፕሪፕ የሚባል ሁለት ነፃ የልምምድ ፈተና በኢንተርኔት ይሰጣል። አንዱን አሁኑኑ፣ ምንም ሳይዘጋጁ ይውሰዱት፣ የት እንዳሉ ይወቁ። ሁለተኛውን ለመጨረሻው ወር ያቆዩት።

ስለ ልጅዎ፣ እሷ የፈራችው ድካምዎን ነው፣ አይቀየሟት። ካርቶኑን ለእሷ ይስጧት። ማታ ከራት በኋላ ካርዱን እየመዘዘች ትጠይቅዎ፣ እርስዎ በአማርኛ ያስረዷት፣ እሷ ገባኝ ስትል ካርዱ ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፍ። አልገባኝም ካለች ወደ አንደኛው ትመልሰው፣ አባቴ ነው ብላ እንዳትምርዎት።